የሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ የአገልግሎት ዋጋ

የሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ የአገልግሎት ዋጋ ማለት አንድ ኤጀንሲ የቀጠራቸውን ሠራተኞች ለሌላ ድርጅት ሲያሰማራ ከዚያ ድርጅት በሰዓት፣ በቀን ወይም በወር የሚጠይቀው ክፍያ ነው። ሠራተኛው ውል ያለው ከኤጀንሲው ጋር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በሌላ ግቢ፣ በሌላ አለቃ ሥር ነው። ስለዚህ በአንድ ሠራተኛ ላይ ሁለት ዋጋዎች አሉ። አንደኛው ኤጀንሲው ለሠራተኛው የሚከፍለው ደመወዝ ሲሆን ሁለተኛው ደንበኛው ለኤጀንሲው የሚከፍለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ትርፍ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ብዙው ገና ያልተከፈለ ወጪ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ አሠራር በብዛት የሚታየው በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በጭነትና ማውረድ፣ በሹፍርናና በመሳሰሉት ሥራዎች ነው። ባንኮች፣ ሆቴሎች፣ ፋብሪካዎች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደንበኞች ናቸው። በገጠር ደግሞ በሰሊጥና በጥጥ እርሻዎች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው በኤጀንሲ ሳይሆን በደላላና በካቦ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሕጋዊ መሠረት

የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከት የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ሕግ አዋጅ ቁጥር 104/1990 ነበር። እሱን አዋጅ ቁጥር 632/2001 ተካው። ዛሬ በአገር ውስጥ ያለውን ሥራ የሚገዛው በዋናነት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ወደ ውጭ አገር የሚደረግ ሥምሪት በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው በሆነው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 የሚመራ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

አዋጅ 1156 ኤጀንሲ ሁለት ዓይነት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያውቃል። አንዱ ማገናኘት ነው፤ ሠራተኛውንና አሠሪውን አገናኝቶ ከመሀል ይወጣል። ሌላው ማሰማራት ነው፤ ራሱ ቀጥሮ ወደ ተጠቃሚው ድርጅት ይልካል። የዋጋ አወጣጡ ችግር የሚጀምረው በሁለተኛው ነው። ያገናኘ አንድ ጊዜ ክፍያ ይቀበልና ጉዳዩ ያበቃል። ያሰማራ ግን በሕግ ፊት አሠሪ ነው። ጡረታው፣ የዓመት ፈቃዱ፣ የሕመም ፈቃዱ፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ካሳው፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

በሁለቱም ዓይነት ሥራ አንድ ክልከላ የጋራ ነው፤ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይቻልም። ይኸው መርሕ ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ባጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ውስጥም አለ። ስለዚህ ኤጀንሲው ወጪውንና ትርፉን መሸፈን ያለበት ከደንበኛው በሚያገኘው ገንዘብ ብቻ ነው። ዋጋውን አሳንሶ የፈረመ ኤጀንሲ ጉድለቱን የሚሞላበት ሌላ ሕጋዊ ኪስ የለውም። በተግባር ጉድለቱ ሲፈጠር መጀመሪያ የሚነካው የሠራተኛው ደመወዝ መሆኑ ነው ጉዳዩን ከሒሳብ በላይ የሚያደርገው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ደንበኛው ለኤጀንሲ በሚከፍለውና ለሠራተኛው በሚደርሰው መካከል ያለው ልዩነት ከመጠን በላይ ሰፍቷል የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ሲያነሳ ቆይቷል።

አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ቦርዱ ለግሉ ዘርፍ ወለል ሳያስቀምጥ ዓመታት ስላለፉ ግን በጨረታ ላይ ዋጋ ወደ ታች ሲጎተት የሚይዘው ነገር አልነበረም።

በዋጋው ውስጥ ምን አለ

ዋጋ አወጣጥ የሚጀምረው «ስንት እንጨምርበት?» ከሚለው ጥያቄ አይደለም። የሚጀምረው አንድ ሠራተኛ በእርግጥ ሥራ ላይ የሚገኝበት አንድ ሰዓት ስንት እንደሚፈጅ ከማወቅ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው ለ12 ወር ነው፤ የሚሠራው ግን ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው።

በአዋጁ መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በዓመት 52 ሳምንት ስለሆነ የሚከፈልበት ሰዓት 2,496 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ (128 ሰዓት) ይቀነሳል። የሕዝብ በዓላትም ይቀነሳሉ፤ በዓመት 12 ያህል ቢቆጠሩ 96 ሰዓት ናቸው። የቀረው 2,272 ሰዓት ነው። የሕመም ፈቃድ ገና አልተነካም። አዋጁ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ እንዲከፈል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ እንዲሆኑ ያዛል። ሴት ሠራተኞች በብዛት በሚሰማሩበት የጽዳት ሥራ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከክፍያ ጋር መታሰብ አለባቸው። እነዚህን በዋጋው ውስጥ ያላሰበ ኤጀንሲ «እርጉዝ አትቀጠርም» ወደሚል ያልተጻፈ ሕግ ቢያዘነብል አያስገርምም፤ ሕገ ወጥ መሆኑ ግን አይቀርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጡረታ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ (በመጀመሪያ ቁጥር 715/2003፣ አሁን 1268/2014) አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። 7 በመቶው ከሠራተኛው ደመወዝ ስለሚቆረጥ የኤጀንሲውን ወጪ አይጨምርም፤ 11 በመቶው ግን በዋጋው ውስጥ መግባት አለበት። የሥራ ግብርም እንዲሁ ከሠራተኛው የሚቀነስ ነው።

የሥራ ስንብት ክፍያ በብዙ ኤጀንሲዎች ስሌት ውስጥ የሚረሳው ነው። በሕጉ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሲሟሉ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ክፍያው የሚመጣው ውሉ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የደንበኛው ገንዘብ መምጣቱን አቁሟል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ካልተጠራቀመ የሚከፈልበት ገንዘብ አይኖርም።

የተቀረው ለመዘርዘር የሚቀል ነው፤ የደንብ ልብስ፣ ጫማ፣ የጉዳት ኢንሹራንስ፣ የምልመላና የሥልጠና ወጪ፣ ተቆጣጣሪዎችና መጓጓዣቸው፣ የቢሮ ኪራይ፣ የደመወዝ መክፈያ የሚያዘጋጅ ሰው።

አንድ ምሳሌ፤ የ24 ሰዓት ጥበቃ

የጥበቃ ሥራ የዋጋ ስሕተትን ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ደንበኛው የሚገዛው ሰው ሳይሆን ቦታ ነው። «በበሩ ላይ ሌሊትም ቀንም አንድ ጥበቃ ይኑር» ይላል። አንድ ቦታ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለ48 ሲካፈል 3.5 ሠራተኛ ይሆናል። በእውነት ሥራ ላይ በሚዋለው ሰዓት ሲሰላ ደግሞ በዓመት ያለው 8,760 ሰዓት ለ2,272 ተካፍሎ 3.86 ይደርሳል። በደምሳሳው ለአንድ በር አራት ሰው ማለት ነው።

በገበያው ላይ ግን «ሁለት ጥበቃ፣ አንዱ ለቀን አንዱ ለማታ» የሚል ዋጋ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጥበቃ በሳምንት 84 ሰዓት ይቆማል። ከመደበኛው በላይ ያለው 36 ሰዓት ነው። አዋጁ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የሳምንት ዕረፍትም የለም። የዚህ ዋጋ ርካሽነት የመጣው ከኤጀንሲው ቅልጥፍና ሳይሆን ከጥበቃው እንቅልፍ ነው።

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የአንድ ጥበቃ ደመወዝ በወር 6,000 ብር ነው እንበል።

የዓመት ደመወዝ፦ 72,000 ብር
የአሠሪ ጡረታ 11 በመቶ፦ 7,920 ብር
ለስንብት ክፍያ የሚጠራቀም፦ 3,000 ብር
የደንብ ልብስና ጫማ፦ 4,500 ብር
የጉዳት ኢንሹራንስ፦ 1,500 ብር
ምልመላ፣ ሥልጠናና ቁጥጥር፦ 6,000 ብር
የቢሮ ወጪ ድርሻ፦ 5,000 ብር
ድምር፦ 99,920 ብር

ይህ ለ2,272 ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 43.98 ብር ይሆናል። ደመወዙ ብቻ ለ2,496 ሰዓት ሲካፈል 28.85 ብር ነበር። ማለትም ኤጀንሲው አንድ ብር ሳያተርፍ ከሰዓት ደመወዙ ላይ 52 በመቶ ጨምሮ ማስከፈል አለበት። ደንበኞች ይህን ሲሰሙ መደንገጣቸው የተለመደ ነው።

ለቦታው ሙሉ ዓመት 8,760 ሰዓት ሲባዛ 385,254 ብር ያህል ይመጣል። በሩ በዓል አያውቅም፤ በፋሲካም በመስቀልም ይጠበቃል። በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ቢያንስ እጥፍ ስለሚከፈለው ለ12 በዓላት፣ ለ288 ሰዓት፣ ተጨማሪ 8,308 ብር ያህል ይደመራል። የቦታው የዓመት ወጪ 393,562 ብር፣ በወር 32,797 ብር ይሆናል።

አሁን ብዙ ጊዜ ከሚሠራበት ደምሳሳ መንገድ ጋር ይነጻጸር። «አራት ጥበቃ በ6,000 ብር 24,000 ነው፤ 20 በመቶ ኮሚሽን ይጨመርበት» ቢባል ዋጋው በወር 28,800 ብር ነው። ኤጀንሲው 20 በመቶ ያተረፈ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በየወሩ 3,997 ብር እየከሰረ ነው። ኪሳራው ወዲያው አይታይም። በመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ የሚወጣ የለም፤ የደንብ ልብሱ አዲስ ነው፤ የስንብት ክፍያ አልደረሰም። ሁሉም የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት በአንድ ላይ ነው። ጡረታ ሳይገባ፣ ፈቃድ ሳይሰጥ የሚቀረውም ያን ጊዜ ነው።

ጭማሪና የትርፍ ህዳግ

ሁለት የሚምታቱ ቃላት አሉ። ጭማሪ የሚሰላው ከወጪው ላይ ነው። የትርፍ ህዳግ የሚሰላው ከመሸጫው ዋጋ ነው። ባለቤቱ ከሚያስከፍለው እያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 12 ብር እንዲቀረው ከፈለገ ወጪውን በ1.12 ማባዛት አይበቃውም፤ የሚከተለውን መጠቀም አለበት።

ዋጋ = ወጪ ÷ (1 − የትርፍ ህዳግ)

በላይኛው ምሳሌ 393,562 ለ0.88 ሲካፈል 447,230 ብር ይሆናል፤ በወር 37,269 ብር። በ1.12 ቢባዛ ግን በወር 36,732 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ በአንድ በር 537 ብር ነው፤ 50 በር ላለው ኤጀንሲ በወር ከ26,000 ብር በላይ ይሆናል። በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ አንዲት የማካፈል ምልክት በማባዛት መተካቷ የምታመጣው ጉድለት ይህን ያህል ነው።

ህዳጉ ለሁሉም ደንበኛ አንድ መሆን የለበትም። አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚፈልግ ቢሮ አሥር ሠራተኛ ያህል ወረቀትና ስልክ ሊፈጅ ይችላል። በአንድ ግቢ 40 ሰው የሚወስድ ፋብሪካ ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ ይበቃዋል። ለሁለት ሳምንት የሚፈለግ የመጋዘን ሠራተኛ የምልመላ ወጪው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ስላለበት የቀን ዋጋው ከፍ ይላል። የሠራተኞች መልቀቅም ዋጋ አለው፤ በየሦስት ወሩ ሰው የሚለዋወጥበት ቦታ የምልመላውንና የደንብ ልብሱን ወጪ በዓመት አራት ጊዜ ያስወጣል። ደመወዝ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰው ማቆየት አንዳንዴ የሚረክሰው ለዚህ ነው።

ግብርና የገንዘብ ፍሰት

ተጨማሪ እሴት ታክስ በኢትዮጵያ ከ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 285 ጀምሮ 15 በመቶ ነው፤ በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341ም ይህንኑ መጣኔ ይዟል። በምሳሌው የ37,269 ብር ዋጋ ከታክሱ ጋር 42,859 ብር ይሆናል። ለታክሱ የተመዘገበ ፋብሪካ የከፈለውን ከሚሰበስበው ላይ ስለሚያቀናንስ ብዙም አይሰማውም። የማያቀናንስ ደንበኛ ግን 15 በመቶውን እንደ እውነተኛ ወጪ ያየዋል። በ1994ቱ አዋጅ የፋይናንስ አገልግሎት ከታክሱ ነፃ ስለነበር ትልልቆቹ የጥበቃና የጽዳት ደንበኞች፣ ባንኮች፣ ከዚህ ወገን ነበሩ። ነፃ መሆን ጥቅም ይመስላል፤ የገዙበትን ታክስ ማቀናነስ አለመቻልን ግን ያስከትላል። በድርድር ጠረጴዛ ላይ አንዱ «ውድ ነው» ሲል ሌላው ዝም የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ደንበኛው ከአገልግሎት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ይዞ ለግብር ሰብሳቢው እንዲያስገባ ያዝዝ ነበር። ይህ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብሩ ጋር የሚቀናነስ ስለሆነ ወጪ አይደለም። ነገር ግን ህዳጉ 4 በመቶ ብቻ ለሆነ ኤጀንሲ ግማሹ ትርፍ ዓመቱን ሙሉ በእጁ የለም ማለት ነው።

ከግብሩ የሚከብደው የክፍያ መዘግየት ነው። ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይጠብቃል፤ የቤት ኪራይ አለበት። ደንበኛው የክፍያ መጠየቂያው ከደረሰው፣ ከተፈረመ፣ ከተመረመረ በኋላ በ60 ቀን ይከፍላል። አሥር ቦታ የሚያስጠብቅ ኤጀንሲ በምሳሌው ወጪ መሠረት በወር 328,000 ብር ያህል ያወጣል፤ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ ከ650,000 ብር በላይ ከራሱ ወይም ከብድር ማቅረብ አለበት። ብድሩ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን ለሁለት ወር 3 በመቶ ነው፤ ከ12ቱ የህዳግ ነጥብ ሩብ ያህሉ እዚህ ያልቃል። ስለዚህ በ15 ቀን ለሚከፍል ደንበኛ ዋጋ መቀነስ፣ በ90 ቀን ለሚከፍለው መጨመር አድልዎ ሳይሆን ትክክለኛ ስሌት ነው።

ጨረታና የዋጋ ማስተካከያ

በጨረታ ላይ ሁሉም ተወዳዳሪ የሚገዛው ነገር አንድ ነው፤ የሰው ሰዓት። ጡረታው በሕግ የተወሰነ ነው፤ ታክሱም እንዲሁ። በእውነት ሊቀነስ የሚችለው የቢሮ ወጪና ትርፍ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ከዋጋው ትንሽ ድርሻ ናቸው። ከሌሎቹ በ30 በመቶ ያነሰ ዋጋ ያቀረበ ካለ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አላሰላም፣ ወይ የሠራተኛውን ነገር ቀንሷል። ለዚህ መከላከያ የሚሆነው የጨረታ ሰነዱ የሠራተኛውን የተጣራ ደመወዝ፣ ጡረታውንና የአገልግሎት ክፍያውን ለየብቻ እንዲጻፍ ሲጠይቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ውድድሩ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ደንበኞች ይህን ማድረግ ጀምረዋል፤ ሌሎች ግን አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ማየት ይመርጣሉ፤ ዝርዝሩን አለማወቅ ከኃላፊነት የሚያርቅ ይመስላቸዋል።

ሌላው ጉዳይ የዋጋ ንረት ነው። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በቋሚ ዋጋ ለሁለት ዓመት የተፈረመ ውል በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ምርጫ ብቻ ይተዋል፤ ደመወዙን ባለበት ማቆም ወይም ኤጀንሲውን ማክሰር። ደመወዙ ሲቆም ጥበቃው ይለቃል ወይም በሁለት ቦታ ይቀጠርና ሌሊቱን ይተኛል። ስለዚህ ውሉ ላይ ዋጋው በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ የሚታይበት አንቀጽ፣ እንዲሁም በሕግ የሚመጣ ለውጥ (ለምሳሌ የጡረታ መዋጮ መጨመር) በቀጥታ ወደ ዋጋው የሚተላለፍበት አንቀጽ መኖር አለበት። ጭማሪው ለሠራተኛው እንዲደርስ የሚያስገድድ አንቀጽም ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ደንበኛው የጨመረው በመንገድ ላይ ይቀራል።

በሌሎች አገሮች

ዘመናዊው የጊዜያዊ ሠራተኛ አቅርቦት ንግድ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ነው። ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1946 በዲትሮይት፣ ማንፓወር እ.ኤ.አ. በ1948 በሚልዋኪ ተመሠረቱ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችውና እ.ኤ.አ. በ2012 ባሻሻለችው ሕግ ኤጀንሲዎች ከደንበኛ ክፍያና ከሠራተኛ ደመወዝ መካከል የሚወስዱትን ድርሻ በይፋ እንዲያሳውቁ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የተሰማራ ሠራተኛ መሠረታዊ የሥራ ሁኔታው በዚያው ድርጅት በቀጥታ ከተቀጠረው ጋር እኩል እንዲሆን ደነገገ። ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ፤ ጃፓን ድርሻውን ለሕዝብ ዓይን አጋለጠች፣ አውሮፓ ደመወዙን ከሥር ያዘች።

ከወገዳ እስከ መተማ፤ ኤጀንሲ የሌለበት ገበያ

ወገዳ በደቡብ ጎንደር ዞን የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስማዳና አጎራባቾቹ የጋይንት ወረዳዎች የእርሻ መሬት የተጎሳቆለባቸው፣ የሴፍቲኔት ድጋፍ ለረጅም ጊዜ የቆየባቸው ናቸው። ከዚህ አካባቢና ከእስቴ ብዙ ወጣቶች በየዓመቱ በደብረ ታቦርና በጎንደር በኩል ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ክረምት ላይ ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለሰሊጥ አጨዳ ነው። በቆላው እነዚህ ወቅታዊ ሠራተኞች ሳሉግ ይባላሉ።

የሰሊጥ አጨዳ የዋጋ ጠባዩ ልዩ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ አይጠብቅም፤ ቆባው ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ጥቂት ቀናት ብቻ አሉት፤ በእነዚያ ቀናት የቀን ዋጋ በፍጥነት ይወጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እንደወጣ ይወርዳል። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠለት ሠራተኛ ገበያው ሲወጣ ይጎዳል፤ ያልተቆረጠለት ደግሞ ዘግይቶ ከደረሰ ሥራ ላያገኝ ይችላል። ከመሀል ያሉት ደላላውና ካቦው ይህን ልዩነት ነው የሚበሉት።

የሠራተኛውን ስሌት ማየት ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹ እዚህም ለማሳያ ናቸው። የቀን ዋጋ 500 ብር፣ በአንድ ወር ውስጥ የተገኘ ሥራ 24 ቀን፣ ከመንገዱ ጋር ከቤት የራቀበት ጊዜ 34 ቀን ይሁን። ገቢው 12,000 ብር ነው። ደርሶ መልስ መጓጓዣ 2,000፣ ቀለብ በቀን 120 ሒሳብ 4,080 ሲቀነስ 5,920 ብር ይቀራል። ለ34 ቀን ሲካፈል በቀን 174 ብር ነው። ደላላው ከገቢው ላይ 10 በመቶ ከወሰደ 139 ብር ይሆናል። «500» ተብሎ ወገዳ ላይ የተወራው ዋጋ ቤት ሲደርስ ከሲሶው በታች ነው።

ሥራውን በሕጉ መንገድ የሚሠራ ኤጀንሲ ቢኖር ይህ ሁሉ ወደ ባለ እርሻው ዋጋ ይዞር ነበር። ደመወዝ 12,000፣ መጓጓዣ 2,000፣ ቀለብ 4,080፣ አጎበርና የጤና ምርመራ 800፣ ቁጥጥር 1,000፣ ድምሩ 19,880 ብር። በ10 በመቶ ህዳግ 22,089 ብር፤ ለ24 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 920 ብር ነው። ቀለቡን ባለ እርሻው ራሱ ካቀረበ ዋጋው ወደ 731 ብር ይወርዳል። ደላላው 500 ብሎ ሲያቀርብ 731 የሚል ኤጀንሲ ሥራ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ልዩነቱን ግን አንድ ሰው ይከፍለዋል። በደላላው መንገድ የሚከፍለው ሠራተኛው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው በየትኛውም ዋጋ ውስጥ የማይታየው ነው። የመተማና የሁመራ ቆላ የወባና የካላዛር አካባቢ ነው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከተነከሱ ከወራት በኋላ ነው። ሠራተኛው ያን ጊዜ ቤቱ ገብቷል፤ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ካቦው የለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላ ከሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ጋር ተያይዟል፤ በሽታው ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሰዎችንም ያዘ። ሕክምናው በሁለት መድኃኒቶች ጥምር ለ17 ቀን በመርፌ የሚሰጥ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ቢገኝ እንኳ የታማሚው የሥራ ቀንና የአስታማሚው ቀለብ ከቤተሰቡ ይወጣል። በከተማ ኤጀንሲ ቢሆን ይህ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» በሚለው መስመር ይገባ ነበር፤ አዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለእንዲህ ያለ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋልና። በቃል ውል ለሄደ ሳሉግ ግን አሠሪው ማን እንደነበር ማስረዳቱ ራሱ የመጀመሪያው ችግር ነው።